ደረቱ ባዶ የሆነው የኒውካስል ማልያዬ፣ ከአራዳው ማልያ ቤት

ቤቱ ጎንደር አራዳ ገበያ ውስጥ ነው። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የተሰቀሉት ማልያዎች ናቸው ታፔላው፤ አርሴናል፣ ማንቼ፣ ሲቲ፣ ፒኤስጂ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአፄዎቹ፣ የከተማችን የፋሲል ከነማ። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው ተራ የሚጠብቀው። ውስጡ አንድ ማተሚያ ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር እና እስከ ጣሪያ የተደረደረ ማልያ አለ። ባለቤቱ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ሥራውን ያውቃል፣ ደንበኛ ያከብራል፣ የማይችለውን «አልችልም» ይላል። እንዲህ የሚል ነጋዴ ብርቅ ስለሆነብኝ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ።

የሄድኩት ከማልያዬ ላይ ስም ለማስነሳት ነው። የእንግሊዙ ክለብ የኒውካስል ጥቁርና ነጭ ማልያ አለኝ፣ ደረቱ ላይ «ሴላ» የሚል። ጀርባው ላይ ሺረር 9 እንዲታተምልኝ፣ የደረቱ ጽሑፍ ደግሞ እንዲነሳልኝ ፈለግኩ።

«ወንድምዓለም፣ እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ስም ለማሳተም ነው» አለኝ ማልያውን እያገላበጠ። «ይሄ ጽሑፍ ምን አደረገህ?»

ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እዚህም ትንሽ ያስረዝመኛል፣ ታገሱኝ።

የኒውካስል ደጋፊ ነኝ። እዚህ ከተማ ብዙ አይደለንም። ዲኤስቲቪ ቤት ስትገቡ ወንበሩን የሚሞሉት አርሴናልና ማንቼ ናቸው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሲቲም ጨምሯል። እኔን ያስገባኝ ሺረር ነው። ልጅ ሆኜ በጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ጎል አግብቶ አንድ እጁን ወደ ላይ ቀስሮ ሲሮጥ አየሁት፣ በቃ። በ1996 (ኳስ ስለሆነ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከብላክበርን በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ በዓለም ላይ ከሱ ውድ ተጫዋች አልነበረም። ማንቼ እየፈለገው እሱ ወደ ተወለደበት ከተማ ክለብ ሄደ። 206 ጎል አስቆጠረ። በ2006 ጫማውን ሲሰቅል ከክለቡ ጋር አንድም ትልቅ ዋንጫ አላነሳም ነበር። እንዲህ ያለ ታማኝነት ልጅ ልብ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ሌላው ስሙ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ኒውካስል ማለት አዲስ ግንብ ማለት ነው» ብሎ ተረጎመልኝ። የፋሲልን ግንብ እያየ ላደገ ልጅ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? አርማቸው ላይም ግንብ አለ፣ ከጋሻው አናት ላይ፣ ግራና ቀኝ የባሕር ፈረስ ቆሞለት። ደብተሬ ጀርባ ላይ ስንቴ ስየዋለሁ።

ልጁ ይሄን ሲሰማ ካውያውን ሰካ። «እሺ፣ እየሞቀ ቀጥል» አለኝ።

ቀጠልኩ። ከ2007 ጀምሮ ክለቡን የያዘው ማይክ አሽሊ የሚባል የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ነበር። 14 ዓመት። ሁለት ጊዜ ወረድን፣ በ2009 እና በ2016። ስለዚህ ኦክቶበር 7፣ 2021 «ተሸጠ» ሲባል እኔም ጨፍሬያለሁ። ስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ደጋፊው ሲዘፍን በስልኬ እያየሁ ነው ያመሸሁት። ገዢው ፒአይኤፍ የሚሉት የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። ዋጋው 305 ሚሊዮን ፓውንድ፣ 80 በመቶው የፈንዱ ድርሻ። የፈንዱ ሰብሳቢ ደግሞ አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሳልማን ናቸው።

ያን ማታ ይሄ ስም አልከበደኝም። ሊከብደኝ ይገባ ነበር። ሦስት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው፤ ኦክቶበር 2፣ 2018 ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ ለጋብቻው የሚሆን ወረቀት ሊወስድ ኢስታንቡል ያለው የሳዑዲ ቆንስላ ገባ፣ በሕይወት አልወጣም። እጮኛው ደጅ ቆማ ስትጠብቀው ነበር። በ2021 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ይፋ ያደረገው ሪፖርት ዘመቻውን ያጸደቁት አልጋ ወራሹ ናቸው አለ፤ እሳቸው አላዘዝኩም ይላሉ። እጮኛው ክለቡ እንዳይሸጥላቸው በጠበቃዋ በኩል ፕሪሚየር ሊጉን ለምና ነበር።

ሊጉም ሽያጩን ከአንድ ዓመት በላይ አዘግይቶታል። ትልቁ እንቅፋት ምን እንደነበር ስነግረው ግን ልጁ ካውያውን አስቀምጦ አየኝ። የቴሌቪዥን ስርጭት ነው። የሊጉን ጨዋታ በዚያ አካባቢ የማሳየት መብት የነበረው የኳታሩ ቢኢን ሳዑዲ ውስጥ ታግዶ ነበር፣ ምስሉም እየተሰረቀ ይተላለፍ ነበር። ኦክቶበር 6 ዕገዳው ሊነሳ ነው የሚል ዜና ወጣ። በማግስቱ ክለቡ ተሸጠ። የሰው ነፍስ ያላስቆመውን ሽያጭ የኳስ ምስል አስቆመው ማለት ነው። እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ያጣመምኩት መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት።

ሊጉ በጊዜው የሰጠው መልስ አለ። የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የሚያስገድድ ማረጋገጫ ተሰጥቶኛል አለ። የክለቡ ሰብሳቢ ግን የፈንዱ ዋና ኃላፊ ያሲር አል ሩማያን ሆኑ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የጎልፍ የፍርድ ቤት ክርክር ሰነድ አቅርቡ፣ ቀርባችሁ መስክሩ ሲባሉ ግን የፈንዱ ጠበቆች ምን አሉ? ፈንዱ የሳዑዲ መንግሥት አካል ነው፣ ሩማያን ደግሞ በሥራ ላይ ያሉ ሚኒስትር ናቸው፣ ስለዚህ ልታስገድዱን አትችሉም። ለንደን ላይ መንግሥት አይደለንም፣ ካሊፎርኒያ ላይ መንግሥት ነን። አንዱን ይምረጡ እንጂ!

ካውያው ሞቀ። ልጁ ስስ ጨርቅ ከደረቱ ላይ ጣል አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ፊደል ጠርዝ በጥፍሩ ፈልቅቆ ቀስ እያለ ሳበ። በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ናት ሴላ። የዝግጅትና የመዝናኛ ድርጅት ነው፣ የራሱ የፈንዱ። ከ2023 ጀምሮ ደረታችን ላይ ነው። ባለቤቱ ለራሱ ክለብ ስፖንሰር ሆነ ማለት ነው።

«ታዲያ ምን አለበት? ገንዘብ አይደል? ኳስ ያለ ገንዘብ የት አለ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥም ሁልጊዜ የሚነሳ ነው።

ፈረንጆቹ ስፖርትዋሺንግ ይሉታል። በእኛ አፍ በኳስ ስም ማጠብ ብንለው ይገባናል። አሠራሩን ሌላ ቦታ ሳልሄድ ከራሴ ቤት አየሁት። እኔ ልጅ እያለሁ «ሳዑዲ» የሚለው ቃል ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ነገር ያስታውስ ነበር፤ በደላላ የሄደች እህት፣ የሚጠበቅ ስልክ፣ በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በጅምላ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የታየው ልቅሶ። አሁን የእህቴን ልጅ «ሳዑዲ» ስትሉት «ሮናልዶ» ይላችኋል። ስምንት ዓመቱ ነው። ሮናልዶ አል ናስር የገባው በ2023 መግቢያ ላይ ነው፣ በዚያው ዓመት ፈንዱ የአራቱን ትልልቅ የሳዑዲ ክለቦች 75 በመቶ ያዘ፣ የ2034 የዓለም ዋንጫም በ2024 መጨረሻ ለአገሪቱ ተሰጠ። አንድ ቃል የሚያስታውሰውን ነገር በአምስት ዓመት ውስጥ መቀየር ይቻላል፣ እኔ ቤት ውስጥ ተቀይሯል። አልጋ ወራሹም አልደበቁትም፤ በ2023 ለአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን፣ ስፖርትዋሺንግ የአገሬን ምርት አንድ በመቶ የሚያሳድግልኝ ከሆነ እቀጥልበታለሁ ብለዋል።

ነጋዴ ክለብ ሲገዛ ትርፍ ይፈልጋል። ትርፍ ካጣ ይሸጣል፣ ስንሰድበውም ይችለዋል። ግሌዘሮች በ2005 ማንቼን በብድር ገዝተው ብድሩን ክለቡ ላይ ሲጭኑት ደጋፊው ያላለው ነገር የለም። መንግሥት ሲገዛ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ስሙ ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን እንዲያስረሱለት ነው የሚፈልገው። ለዚያ ደግሞ እኛ ነን የምናስፈልገው፣ ማልያ የምንለብሰው፣ ስሙን በየሳምንቱ በደስታ የምንጠራው። እኔም ብሆን ስንት ጊዜ «ባለቤታችን» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ!

ሦስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ልጁ ወደ በሩ በአገጩ አመለከተ። «እንዲያ ከሆነ ያ ሁሉ መላጥ አለበት» አለ። እውነቱን ነው። ሲቲን የአቡ ዳቢው ሼኽ መንሱር የገዙት በ2008 ነው፣ ዛሬ የኤምሬቶች ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው። ስታዲየሙም ደረቱም ኢትሃድ ነው። ሊጉ በፌብሩዋሪ 2023 የገንዘብ ሕግ ጥሰሃል ብሎ ከመቶ በላይ ክስ አቅርቦበታል፣ ክለቡ አልጣስኩም ይላል። ፒኤስጂን ኳታር በ2011 ያዘችው፣ የ2022 ዓለም ዋንጫን ካገኘች ከወራት በኋላ። በ2017 ለኔይማር ብቻ 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፍላ፣ በ2025 ቻምፒየንስ ሊጉን ኢንተርን 5 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች። ልጁ ራሱ አርሴናል ነው፣ ኤምሬትስን ከ2006 ጀምሮ በደረቱ፣ ሩዋንዳን ጎብኙ የሚለውን ከ2018 ጀምሮ ለዓመታት በእጅጌው ተሸክሟል። ስፖንሰር መሆንና ባለቤት መሆን አንድ አይደለም፤ ስፖንሰር ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። ግን ጥያቄውን አልሸሸም፣ ወደደኩት።

ከዚያ የሚከብደውን ጠየቀኝ። «የኛስ? አፄዎቹ የመንግሥት አይደሉም?»

ይሄን ብዙ አስቤበታለሁ። አዎ፣ አገራችን ውስጥ አብዛኛው ክለብ በመንግሥት በጀት ነው የሚኖረው። መቻል የመከላከያ ነው፣ ንግድ ባንክ የባንኩ ነው፣ በየክልሉ ያሉት ደግሞ በከተማ አስተዳደር ገንዘብ ይቆማሉ። ይሄ የራሱ ጣጣ አለው፣ ደመወዝ ሲዘገይ እናየዋለን። ግን ፋሲል ከነማ ሲሸነፍ ማንን እንደምንጠይቅ እናውቃለን። ስታዲየም ሄደን፣ ክቡር ትሪቡን ላይ የተቀመጠውን ሰው በስሙ ጠርተን እንጮህበታለን። ገንዘቡ የኛው ግብር ነው፣ ክለቡም የኛው ነው፣ ያ በ2013 ዓ.ም. ያነሳው የሊግ ዋንጫም የኛው ነው። ፋሲልን ማንም የሩቅ መንግሥት ስሙን ሊያጥብበት አልገዛውም። የኒውካስል ሰው ሪያድ ሄዶ ማን ላይ ይጮሃል? እዚያ በትዊተር በጻፈው ነገር ረጅም እስራት የሚፈረድበት ሰው አለ።

መንግሥትም ሳይገባ፣ ቢሊየነርም ብቻውን ሳይጫወትበት መኖር እንደሚቻል ጀርመኖች አሳይተዋል። አባላቱ ከድምፁ 50 በመቶ እና አንድ ተጨማሪ ድምፅ መያዝ አለባቸው የሚል ሕግ አላቸው። ጥቂት ክለቦች የተለየ ፈቃድ አግኝተዋል፣ ሕጉ ግን እስካሁን ቆሟል።

አራተኛው ፊደል ተነሳ። ልጁ ማልያውን ወደ ብርሃን ወስዶ ዘረጋው። ጽሑፉ ሄዷል፣ ጥላው ግን ቀርቷል። ጨርቁ ዙሪያውን በፀሐይና በእጥበት ደብዝዟል፣ ፊደሎቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ አዲስ እንደሆነ አለ፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ይነበባል። «ይሄ አይለቅም» አለኝ። «ብታጥበው ብታጥበው የፊደሉ ቦታ ይታያል። ገንዘብም አልቀበልህም። ከፈለግህ ሌላ እናሠራለን።»

ሌላ እናሠራ አልኩት። ለምን እንደቸኮልኩ ግን ሙሉውን አልነገርኩትም ነበር፣ እዚህ ልጻፈው።

በ2022 ክለቡ ነጭና አረንጓዴ ተለዋጭ ማልያ አወጣ። የሳዑዲ ብሔራዊ ቡድን ቀለም ነው፣ ቁርጥ። እኔም አስገዛሁ፣ ለበስኩትም። አንድ ቀን ታጥቦ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የጎረቤታችን ልጅ ገባ። በየመን በኩል ሄዶ፣ ድንበሩን ሳይሻገር የተመለሰ ልጅ ነው። ቆሞ አየው።

«የማን ነው?» አለኝ።

«የኒውካስል።»

«ቀለሙን ነው የምልህ።»

ዝም አልኩ። እሱም ሌላ አልተናገረም። ንፋስ አንዱን እጅጌ ከገመዱ አውልቆት ነበር፣ አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ መልሶ በመቆንጠጫ አስያዘውና ወጣ። እጅጌውን ያስተካከለበት እጁ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ ኦገስት 2023፣ ሂዩማን ራይትስ ዋች ሪፖርት አወጣ። ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ይላል። በፈንጂ መሣሪያ። በቅርብ ርቀት በጥይት። ሴቶችና ልጆች አሉበት። የሳዑዲ ወገን መሠረተ ቢስ ነው ብሎ አስተባብሏል። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ቀኖቹ ላይ ነው። ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023። ይሄ እኮ የኔ ምርጥ የኳስ ጊዜ ነው! ኤዲ ሃው ከወራጅ ቀጠና ያወጣን፣ በፌብሩዋሪ 2023 ዌምብሌይ ለፍጻሜ የደረስንበት፣ ሜይ 22፣ 2023 ከሌስተር 0 ለ 0 ወጥተን ከ20 ዓመት በኋላ ቻምፒየንስ ሊግ የገባንበት። ያን ሌሊት ከፒያሳ እስከ ቤቴ በእግሬ እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት። በዚያው ወራት ከሰፈራችን የወጡ ልጆች የድንበሩ ተራራ ላይ ነበሩ።

መጀመሪያው ራሱ ምልክት ነበረው። ማርች 12፣ 2022 ሳዑዲ በአንድ ቀን 81 ሰው በሞት ቀጣች። በማግስቱ ከቼልሲ ጋር ጨዋታ ነበረን። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ሃውን ስለዚያ ሲጠይቁት ስለ ኳስ ብቻ ነው የማወራው አለ። ሃውን እወደዋለሁ፣ ጥሩ አሰልጣኝ ነው። ግን ያ ዝምታ ነው የተገዛው። አንድ ጨዋ ሰው አፉን እንዲይዝ ሆነ። እኔም ጎንደር ተቀምጬ፣ አንድ ሳንቲም ሳይከፈለኝ፣ ያው ዝምታ ውስጥ ነበርኩ።

ክለቡን ግን ልተወው አልቻልኩም፣ አልተውምም። ማርች 16፣ 2025፣ መጋቢት 7 መሆኑ ነው፣ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፈን ካራባኦ የሚባለውን የሊግ ካፕ ዋንጫ ስናነሳ አልቅሻለሁ። ዳን በርን በጭንቅላቱ፣ ቀጥሎ ኢሳቅ፣ ያ ወላጆቹ ኤርትራውያን የሆኑት ልጅ። ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ የአገር ውስጥ ዋንጫ። 70 ዓመት የጠበቁ ሽማግሌዎች ዌምብሌይ ላይ ሲያለቅሱ አየሁ። ያ ደስታ የነሱ ነው፣ በአባቶቻቸው ጊዜ የተጀመረ ነው፣ ማንም ፈንድ አልፈጠረውም። እዚያው ኒውካስል ውስጥ ግዢውን ተቃውመው የተደራጁ ደጋፊዎች አሉ፤ ጥቂት ናቸው፣ በገዛ ጓደኞቻቸው ይሰደባሉ፣ ግን አልተዉም። እነሱን ሳይ ነው ክለቡንና ባለቤቱን ለይቼ መያዝ እንደምችል የገባኝ። ማልያውን ይዤ አራዳ የወረድኩትም ለዚሁ ነው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ልጁ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ላከኝ፣ እዚያው ጀርባው ላይ ነው ያለው። ጥቁርና ነጭ ጨርቅ ከተለያየ ጥቅል ተቆርጦ፣ መስመር በመስመር ተገጣጥሞ ተሰፋ። ስፌቱ ጥሩ ነው፣ መስመሮቹ ትከሻ ላይ ተገናኝተዋል፤ ይሄ በፋብሪካ ኮፒዎች ላይ እንኳ የማይገኝ ነው። ጨርቁ ግን ከኦርጅናሉ ይወፍራል፣ ላብ አይመጥም፣ ሜዳ ላይ ለሚጫወት ሰው አልመክረውም።

አርማውን የሠሩልኝ የሀበሻ ቀሚስ የሚጠልፉ እናት ናቸው። ስልኬ ላይ ያለውን ምስል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «እኒህ ፈረሶች ጭራቸው የዓሣ ነው እንዴ?» አሉኝ። የባሕር ፈረስ ነው እትዬ፣ አልኳቸው። «ግንቡንስ አውቀዋለሁ» አሉ። በሦስተኛው ቀን ስወስደው ግንቡ አናቱ ላይ ክብ ጉልላት አለው፣ የኛ የፋሲል እንዳለው። የኒውካስሎቹ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጥርስ ያለው ነው። «ተሳሳትኩ መሰል፣ ልፍታው?» አሉኝ። አይፍቱት አልኩ። ክሩ ጥብቅ ነው፣ ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ሁለት ወር ለብሼ አንድ ክር አልተመዘዘም።

ዋጋ ለምትጠይቁ፣ ጨርቁና ስፌቱ 900 ብር፣ ጥልፉ 400፣ ስምና ቁጥሩ 300፣ በጠቅላላ 1,600 ብር ወጣብኝ። ከተዘጋጀ ኮፒ ይወደዳል። ግን ሦስት ሰው ነው የበላበት፣ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ።

ጉድለቱንም ልናገር። ሐሙስ ያለኝን ማክሰኞ ነው የሰጠኝ። መብራት ሄዶ ነው አለ፣ ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም፣ ይገባኛል፣ ግን ደውሎ ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ በከንቱ ወርጃለሁ። የ9 ቁጥሩ የታችኛው ጠርዝም በሁለተኛው እጥበት ተነሳ። ወስጄ ሳሳየው ሳይከራከር፣ ሳያስከፍል፣ አዲስ አተመልኝ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ተጠቀም፣ ገልብጠህ እጠብ፣ ቁጥሩ ላይ ካውያ እንዳታሳርፍ ብሎም መከረኝ። እስካሁን ደህና ነው። አንድ ሌላ፣ ቤቱ ውስጥ መስታወት የለም። ልክ ሆነ አልሆነ የሚፈረደው ደጅ በተቀመጡት ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ለብሼው ዲኤስቲቪ ቤት ስገባ «የምን ማልያ ነው፣ ስፖንሰር የከዳው?» ያለኝ አለ። ቁጭ ብዬ ነገርኩት። የሲቲ ደጋፊ ነው፣ ተናደደ፣ ቅናት ነው አለኝ። በዕረፍት ሰዓት ግን ወንበሩን ስቦ መጥቶ ስለዚያ የድንበር ሪፖርት ጠየቀኝ። ከስልኬ ላይ ፈልጌ ሰጠሁት። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ እሱ ገና እያነበበ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው እሑድ አየው፣ ያው ገመድ ላይ። ደረቱን ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ጥልፉን በጣቱ ነካ። «ይሄ የፋሲል ነው» አለ። የኒውካስል እንደሆነ ነገርኩት፣ እትዬ ጉልላት እንደጨመሩበትም ነገርኩት። ለሱም እንደሚሠሩለት ጠየቀኝ። የአፄዎቹን ይፈልጋል፣ ስም የለው፣ ቁጥር የለው። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት አብረን እንወርዳለን፤ ከዚያ በኋላ የገበያው ሰው ስለሚበዛ ልጁን ማግኘት አይቻልም።